ያልተከፈተው ካምቢዮ፦ አሮጌ አውቶማቲክ ማስተላለፊያን በቤት ስለ ማደስ ከነገሌ ቦረና የተገኘ ትምህርት

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ።)



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ማግስት አንድ የማከብራቸው ባልደረባዬ በመተላለፊያው ላይ አስቁመው፣ “ዶክተር፣ ይህ እኮ የጋራዥ ወሬ ነው” አሉኝ። አልተቀየምኩም። ነገሩ በእርግጥ የጋራዥ ወሬ ነው። የምናገረው ስለ አንድ አሮጌ መኪና፣ ስለ አንድ አውቶማቲክ ካምቢዮ፣ በነገሌ ቦረና በአንድ ግቢ ውስጥ ስለ ፈሰሰ ዘይትና ስለ ጠፋች አንዲት የጎማ ኳስ ነው። ነገር ግን በዚህ ወሬ ውስጥ ለፋኩልቲያችን የሚሆን ከባድ ጥያቄ አለ፤ እርሱንም እስከ መጨረሻው አቆየዋለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልናዘዝ። የማሽኖች ንድፈ ሐሳብ በማስተማር ከሃያ ዓመት በላይ አሳልፌአለሁ። በየዓመቱ የፕላኔታዊ ጥርስን እኩልታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ተማሪዎቼም ጽፈው፣ ተፈትነው፣ አልፈው ይሄዳሉ። በዚህ ሁሉ ዘመን ግን አንድም ፕላኔታዊ ጥርስ ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ በእጄ አውጥቼ፣ በላምባ አጥቤ፣ በብርሃን ፊት አዙሬ አይቼ አላውቅም ነበር። ይህን ያደረግሁት በ2014 ዓ.ም. ክረምት፣ የቦረናና የጉጂ ሕዝብ አዶሌሳ በሚሉት ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት፣ ለእረፍት ነገሌ በነበርሁበት ጊዜ ነው።

መኪናዋ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሠራች ቶዮታ ሃይሉክስ ሰርፍ ናት፤ ካምቢዮዋም ኤ340 ከሚባለው ቤተሰብ የሆነ፣ ወደ ፊት 4 ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ነው። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በነገሌ አውቶማቲክ መኪና ሲታይ ሰው ከንፈሩን ይመጣል። በቆላው ምድር፣ ከነገሌ ወደ ፊልቱና ወደ ዶሎ፣ ወይም ወደ አሬሮና ያቤሎ በሚወስዱት መንገዶች ላይ የሚያሽከረክር ሰው በእጅ የሚገባ ማርሽ ይመርጣል። ምክንያቱም ተራ ልማድ አይደለም። ባትሪዋ የደከመች ባለ ፍሪሲዮን መኪና ተገፍታ ትነሣለች፤ አውቶማቲክ ግን ተገፍታ አትነሣም። የካምቢዮውን የዘይት ፓምፕ የሚያዞረው ሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ካልዞረ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ በውስጡ ያሉት ፍሪሲዮኖች አይጨብጡም፤ ካልጨበጡም ጎማውና ሞተሩ አይገናኙም። በዚሁ ምክንያት እንዲህ ያለችውን መኪና ጎማዋ መሬት ላይ እየተንከባለለ ረጅም መንገድ መጎተት ካምቢዮውን ያለ ዘይት ማሽከርከር ነው። መጎተት ግድ ከሆነ የማስተላለፊያ ዘንጎቹን ፈትቶ መጎተት ወይም በሌላ መኪና ላይ መጫን ያስፈልጋል።

“ታዲያ አሮጌውን ትቶ አዲስ መግዛት ነው” የሚል ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። የእነዚህን ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት መመዘን የዛሬ ሥራዬ አይደለም። ለእኛ ለመካኒካል ሰዎች የሚያስከትሉት ግን ግልጽ ነው፦ ዛሬ በአገሪቱ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ከእኛ ጋር ይኖራሉ። በቆላው ደግሞ መኪና መታያ አይደለም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቦረና ዝናብ ለ5 ተከታታይ ወቅቶች በቀረ ጊዜ ውሃም፣ እህልም፣ የከብት መኖም፣ ሕመምተኛም የሚጓዘው በመኪና ነበር። በዚያን ጊዜ ቆሞ የተገኘ መኪና ሁሉ የሚያስከፍለው ዋጋ ነበረው።

ወደ ካምቢዮው ልግባ። አውቶማቲክ ካምቢዮ የአንድ ሰው ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው ሄርማን ፎቲንገር በ1905 እ.ኤ.አ. ኃይልን በፈሳሽ አማካይነት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሲያስመዘግብ ያሰበው ለመርከብ ነበር። ጀነራል ሞተርስ በ1939 እ.ኤ.አ. ሃይድራማቲክን ይዞ ቀረበ፤ በ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል መኪኖች ላይም ተገጠመ። የእኔን መኪና ካምቢዮ የሠራው የጃፓኑ አይሲን ኩባንያ ከአሜሪካው ቦርግዋርነር ጋር በ1969 እ.ኤ.አ. ሽርክና መሥርቶ ነበር። ነገሌ ግቢ ውስጥ የፈታሁት ሣጥን እንግዲህ ከሦስት አህጉር የተጠራቀመ እውቀት ነው።

በውስጡ ያለው ዋና ነገር ፕላኔታዊ ጥርስ ነው፦ በመካከል አንድ የፀሐይ ጥርስ፣ በዙሪያው በተሸካሚ ላይ የተቀመጡ ፕላኔቶች፣ ከውጭ ደግሞ ወደ ውስጥ የተቆረጠ የቀለበት ጥርስ። ከሦስቱ አንዱን አጥብቀን ይዘን፣ በአንዱ ኃይል ካስገባን፣ በሦስተኛው የተለወጠ ፍጥነት ይወጣል። የኔ ካምቢዮ የማርሽ ልኮች 2.804፣ 1.531፣ 1.000 እና 0.705 ናቸው። ሁለተኛውን ማርሽ እንመልከት። ፀሐዩ ይያዛል፤ ኃይል በቀለበቱ ይገባል፤ በተሸካሚው ይወጣል። እኩልታችን ልኩ 1 ሲደመር የፀሐይ ጥርስ ቁጥር ለቀለበት ጥርስ ቁጥር ሲካፈል ነው ይለናል። እንግዲህ ክፍፍሉ 0.53 ገደማ መሆን አለበት። ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤ እንደተባለውም ሆኖ አገኘኋቸው። ሃያ ዓመት በሰሌዳ ላይ ያረጋገጥኩትን እኩልታ ዘይት በነካው ጣቴ ስቆጥር የተሰማኝን ደስታ ለእናንተ መግለጽ ይቸግረኛል። አራተኛው ማርሽ ደግሞ የሌላው ስብስብ ግልባጭ ነው፤ ኃይል በተሸካሚው ገብቶ በቀለበቱ ስለሚወጣ መውጫው ከመግቢያው ይፈጥናል።

ማንን መያዝ፣ ማንን መልቀቅ እንዳለበት የሚወስኑት ፍሪሲዮኖችና ፍሬኖች ናቸው፤ እነርሱን የሚያዛቸው የዘይት ግፊት ነው፤ ዘይቱን ደግሞ ቫልቭ ቦዲ የሚባለው የቦዮች ሰሌዳና በላዩ ያሉት ሶሌኖይዶች ይመሩታል። ስለዚህ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት ማለስለሻ ብቻ አይደለም። ግፊት ይሸከማል፤ ሙቀት ያወጣል፤ በፍሪሲዮኖቹ መካከል ያለውን ጭብጥም በትክክለኛ መጠን ይጠብቃል። እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ካምቢዮ ዘይት ውስጥ ይህን የጭብጥ ጠባይ የሚሰጠው ከዓሣ ነባሪ የሚገኝ ዘይት ነበር። ዓሣ ነባሪው በሕግ ሲጠበቅና ያ ዘይት ሲቀር፣ ተስማሚ ምትክ እስኪገኝ ድረስ ብዙ ካምቢዮዎች ተበላሹ። “ዘይት ዘይት ነው” ለሚል ሰው ይህ ታሪክ በቂ መልስ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ሕመሙ። መኪናዋ በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ደኅና ትሄዳለች። ወደ ሦስተኛ ስትሸጋገር ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናዋ ግን አትከተለውም። አራተኛውም እንደዚያው። ወደ ኋላ ስትታዘዝ ከብዙ ማመንታት በኋላ ትንቀሳቀሳለች፤ ዳገት ላይ ጭራሽ እምቢ ትላለች። በአንድ ትልቅ ከተማ ያለ ጋራዥ ሳይፈታ፣ “ካምቢዮው ሞቷል፤ አውጥተን በእጅ የሚገባ እንግጠምልህ” ብሎኝ ነበር።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ አስተውሉ። በዚህ ቤተሰብ ካምቢዮ ውስጥ የመጀመሪያውና የሁለተኛው ማርሽ ሲ1 የሚባለውን ፍሪሲዮን ይጠቀማሉ። ሲ2 የሚባለው ግን በሁለቱ ውስጥ የለበትም፤ የሚገባው በሦስተኛ፣ በአራተኛና በኋላ ማርሽ ነው። የታመሙት ማርሾች እነማን ናቸው? ሦስተኛ፣ አራተኛና የኋላው። ጤነኞቹ እነማን ናቸው? ሲ2 የሌለባቸው። ሦስት ምስክሮች አንድ ሰው ላይ ጣታቸውን ቀስረዋል። ይህን ለማወቅ ብሎን መፍታት አያስፈልግም፤ ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። እኔ ግን ሠንጠረዡን ለፈተና ሳወጣው የኖርሁ ሰው፣ የራሴ መኪና ስትታመም ሠንጠረዡን አላሰብኩትም። ያሳሰቡኝ በነገሌ ጋራዥ ያላቸው አንድ አዛውንት ናቸው። ኦቦ እያልኩ እጠራቸዋለሁ፤ ስማቸውን እንዳልጠራ ስለ ለመኑኝ አልጠራም። ትምህርታቸው ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ሠንጠረዡን በወረቀት አያውቁትም፤ ነገር ግን “ኋላውና ሦስተኛው አብረው ከታመሙ በሽታው አንድ ቤት ነው ያለው” አሉኝ። ከዚያም የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዘው፣ ጠብታውን በጣታቸው አሽተው፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። “ዶክተር፣ ይህ ዘይት አሯል። ቡና ሲያር ሽታውን የማያውቅ አለ?”

ከመፍታታችን በፊት ኤሌክትሪኩን አጠራን። በእነዚህ አሮጌ ቶዮታዎች በመመርመሪያው ሶኬት ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ሁለት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲከፍቱ “ኦ/ዲ ኦፍ” የምትለው መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ኮድ ትቆጥራለች። 62 እና 63 የማርሽ ሶሌኖይዶቹን፣ 64 የመቆለፊያውን፣ 42 እና 61 የፍጥነት መለኪያዎቹን ይናገራሉ። የእኛ መብራት እኩል እኩል ብልጭ አለች፤ ይኸውም የተመዘገበ ብልሽት የለም ማለት ነው። የሁለቱን የማርሽ ሶሌኖይዶች ተቃውሞ ስንለካም ከ11 እስከ 15 ኦም ባለው ልክ ውስጥ ተገኘ። ይህ ሁሉ ምርመራ የጠየቀው አንድ ቁራጭ ሽቦና አንድ ርካሽ መለኪያ ነው።

ከዚያ ካርተሩን አወረድን። በካርተሩ ወለል ላይ ማግኔቶች አሉ። በማግኔቱ ላይ እንደ ጭቃ የለሰለሰ ግራጫ ደቃቅ ቢገኝ የእድሜ ምልክት ነው፤ ስንጥርና ፍንካች ቢገኝ ግን ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው። እኛ ያገኘነው ብዙ ጥቁር ደቃቅ ነበር፤ ይኸውም የተቃጠለ የፍሪሲዮን ልብስ ነው። ፍርዱ ተሰጠ፤ ካምቢዮው መውረድ አለበት።

ስለ ቦታው ዝግጅት ጥቂት ልበል፤ በቤት ለሚሠራ ሰው ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነውና። የነገሌ ቀይ አቧራ በአዶሌሳ ነፋስ ሲነሣ በር ቢዘጋም ይገባል። የቫልቭ ቦዲ ቫልቮች ግን አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ትይዛቸዋለች። ስለዚህ ዕቃ ቤቱን ባዶ አደረግን፤ ወለሉን ውሃ አርከፈከፍን፤ መስኮቱን በአንሶላ ጋረድን፤ ባለቤቴ የሰጠችኝን ትሪዎች አጥበን በተራ ደረደርን። ብረቱን በላምባ አጠብን፤ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎችንና ጎማዎችን ግን ላምባ አላስነካናቸውም። በጨርቅ ማድረቅ ክልክል ነው፤ የጨርቅ ብናኝ በቦዮቹ ውስጥ ይቀራልና። ያደረቅነው ከሰፈሩ ጎሚስታ በተከራየነው የአየር መጭመቂያ ነው።

ሲ2ን ስንከፍት ሰሌዳዎቹ ጠቁረው፣ በመካከላቸው ያሉት የብረት ዲስኮች በሙቀት ሰማያዊ ሆነው ተገኙ። ዋናው ጥፋት ግን ከፒስተኑ ዙሪያ ያለው የጎማ ማገጃ ነበር፦ ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ማገጃው ሲጠነክር ግፊቱ ያመልጣል፤ ግፊት ሲያንስ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ይግላል፤ ሲግል ማገጃው ይብሱን ይጠነክራል። በባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ሻካራ ሕግ አለ፤ ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ በየ10 ዲግሪው በሞቀ ቁጥር እድሜው በግማሽ ያጥራል። በዶሎ መንገድ አሸዋ ውስጥ ገብቶ ጎማው ሳይዞር ነዳጅ የሚረግጥ ሰው፣ በዚያች ደቂቃ የሞተሩን ኃይል በሙሉ ዘይት ለማፍላት እያዋለው ነው። ውጤታማነቱ ዜሮ ነው።

ማገጃዎቹና ሰሌዳዎቹ ከአዲስ አበባ መርካቶ፣ ከሱማሌ ተራ ተገዝተው በአውቶብስ መጡልን። አዲሶቹ ሰሌዳዎች ከመገጠማቸው በፊት ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በካምቢዮ ዘይት መነከር አለባቸው፤ እኛ ሌሊቱን ሙሉ አሳደርናቸው። ቀለበቶቹንና ስስ ማንጠፊያዎቹን በቦታቸው የሚይዘው ከፋርማሲ የሚገዛው ተራ ቫዝሊን ነው፤ ግራሶ አይሆንም፤ በዘይቱ ውስጥ አይሟሟምና። እያንዳንዱ ፍሪሲዮን ሲታሰር በዘይት ቀዳዳው አየር ይነፋበታል፤ ፒስተኑ “ጧ” ብሎ ከመለሰ ማገጃው ይዟል ማለት ነው። ያ ድምፅ ከሲ2 ሲወጣ ኦቦ ፈገግ አሉ።

አሁን ወደ ስሕተቴ እመጣለሁ። ካምቢዮው ተገጠመ፤ ዘይት ተሞላ፤ ሦስተኛው እንደ አዲስ ያዘ። የኋላው ማርሽ ግን ሲገባ መኪናዋን በኃይል ይንጣታል። በቫልቭ ቦዲው ቦዮች ውስጥ ዘይቱ በአንድ አቅጣጫ በዝግታ፣ በሌላው በፍጥነት እንዲያልፍ የሚያደርጉ ትንንሽ የጎማ ኳሶች አሉ። አንዷ ከጎደለች ዘይቱ ሳይገታ ይገባና ፍሪሲዮኑ በድንገት ይጨብጣል። ኦቦ ጠየቁኝ፦ “ዶክተር፣ ሲፈቱ ስንት ኳስ ቆጠሩ?” አልቆጠርኩም ነበር። ፎቶ አንስቻለሁ፤ ሥዕል ሥያለሁ፤ ማስታወሻ ጽፌአለሁ፤ አልቆጠርኩም። እርሳቸው በከብት አርቢ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። “ከብት ማታ በረት ሲገባ ይቆጠራል። ጠዋት ሲወጣም ይቆጠራል። የጠፋው የሚታወቀው እንደዚህ ነው” አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ኳሷ በቫዝሊኑ ቆርቆሮ ክዳን ውስጥ ተጣብቃ ተገኘች። ደግነቱ ቫልቭ ቦዲው ካምቢዮው ሳይወርድ ከታች ይፈታል፤ አንድ ቀንና አንድ ጓርኒሲዮን ብቻ ከሰርን።

በቤታችሁ ለምትሞክሩ ሦስት ነገሮችን አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ ቶርክ ኮንቨርተሩ ወደ ካምቢዮው ሲገባ እያዞራችሁ ደረጃ በደረጃ እስከ መጨረሻው መጥለቁን በመለኪያ ሳታረጋግጡ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በብሎን አትሰቡት። ሳይጠልቅ ከተሳበ የዘይት ፓምፑ ይሰበራል፤ የሳምንት ሥራም በአንድ ዳዶ ይጠፋል። ሁለተኛ፣ የማቀዝቀዣውን ቱቦና በራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ክፍል ሳታጥቡ አዲስ ዘይት አትሙሉ፤ አሮጌው ቆሻሻ እዚያ አድብቶ ይጠብቃልና። ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ ሮዝ ከሆነ ደግሞ የራዲያተሩ ውሃ ገብቶበታል፤ ከዚያ በኋላ የፍሪሲዮን ሰሌዳዎቹን ማመን አይቻልም። ሦስተኛ፣ የካርተሩ ብሎኖች የሚጠብቁት በ7 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የክንዳችሁን ጉልበት ለጎማ ዳዶ አቆዩት።

ካምቢዮው ገና ጤነኛ ለሆነላችሁ ደግሞ የሚበልጠው ሥራ ተራው አገልግሎት ነው። በእኔ መኪና ካምቢዮው በጠቅላላ 10 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ በማፍሰሻው የሚወርደው ግን 2 ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ ቀሪው በኮንቨርተሩና በቦዮቹ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ስትቀይሩ 80 በመቶው አሮጌ ነው። በየጊዜው ጥቂት እየነዳችሁ ሦስት ጊዜ ብትደግሙት የአሮጌው ድርሻ 0.8 ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ፣ ማለትም 51 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ አምስት ጊዜ ብትደግሙት 33 በመቶ። የዘይቱን መጠን ስትለኩ ሞተሩ እየሠራ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ማርሹን በሁሉም ቦታ አሳልፋችሁ ወደ ፓርክ ከመለሳችሁ በኋላ ይሁን። ከነዳጅ መርገጫው ወደ ካምቢዮው የሚሄደውንም ገመድ ተመልከቱ፤ ሙሉ በሙሉ ሲረገጥ በገመዱ ላይ ያለው ጉብታ ከመከለያው ጫፍ ከ0 እስከ 1 ሚሊ ሜትር ርቆ መቆም አለበት። ይህ ገመድ ሲላላ ግፊቱ ይወርዳል፤ ብዙ ጤነኛ ካምቢዮ በአንድ የላላ ገመድ ተቃጥሏል።

በጋራዥ የምንናገራቸውን ቃላት ልብ ብላችኋል? ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካርተር፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ። ሁሉም ከጣሊያንኛ የቀሩ ናቸው። በጥር 1928 ዓ.ም. የግራዚያኒ ጦር በመኪና ተጭኖ ከራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት ጋር ተዋግቶ ነገሌን ያዘ። ጠላት ሄደ፤ የጋራዡን ቃል ግን ሠራተኛው ወርሶ የራሱ አደረገው። ለአውቶማቲኩ ካምቢዮ ግን እንዲህ ያለ የተወረሰ ቃል የለንም፤ ሠራተኛው በዝምታ ይሠራዋል፤ እኛ በእንግሊዝኛ እናስተምረዋለን። ዛሬ በአማርኛ ስናገር የታገልሁት አንዱ ይህንኑ ነው።

በዚያው በነገሌ ሌላ ታሪክ አለ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው የጦር ሠራዊት ክፍል ወታደሮች አመፁ። የአብዮቱን ታሪክ የጻፉ እንደሚነግሩን፣ የወታደሮቹ ምግብ መጥፎ ነበር፤ የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ነበር፤ መኮንኖቹም ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዱ አልፈቀዱላቸውም። ቅሬታቸውን ሊሰሙ የተላኩትን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው የወታደሩን ምግብ አበሏቸው። የአብዮቱ ምክንያቶች ብዙና ጥልቅ ናቸው፤ ዘውድ በፓምፕ ወደቀ አልልም። ነገር ግን ያልተጠገነ ፓምፕ ሰው በሰው ላይ ያለውን እምነት እንዴት እንደሚበላው ከነገሌ በላይ የሚያስረዳ ስፍራ አላውቅም።

ለዚህም ነው ያቆየሁትን የምነግራችሁ። ከዓመታት በፊት፣ ከዚህ ቀደም በሠራሁበት ተቋም፣ የንብረት ማስወገጃ ኮሚቴ አባል ነበርሁ። ተማሪዎችን ወደ አርብቶ አደሩ ቀበሌዎች ለመስክ ሥራ የሚወስድ አንድ አውቶማቲክ መኪና ቆሞ ቀረበልን። በማመልከቻው ላይ የሰፈረው ምልክት “ሦስተኛ ማርሽ ያንሸራትታል፤ ወደ ኋላ አይሄድም” የሚል ነበር። በቃለ ጉባኤው ላይ፣ “ሊጠገን የማይችል በመሆኑ እንዲወገድ” ብለን ጻፍን፤ እኔም ፈረምሁ። ከኮሚቴው አባላት የማሽኖችን ንድፈ ሐሳብ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ካርተሩን እንኳ ያወረደ አልነበረም። መኪናው በጨረታ ተሸጠ፤ ተማሪዎቹም በቀጣዮቹ ዓመታት መስክ አልወጡም፤ የመስክ ሪፖርታቸውን ከቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው ጻፉ። እኔም አርሜ ነጥብ ሰጠኋቸው።

ያንን መኪና በኋላ ፊልቱ ላይ አየሁት። በበሩ ላይ የተፋቀው ዓርማ ቅርጽ በቀለሙ ላይ ቀርቶ ነበር። ሰውና ፍየል ጭኖ፣ ከቆመበት ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ዞሮ ሄደ። ወደ ኋላ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት። ካምቢዮውን ማን እንደጠገነው አልጠየቅሁም። የራሴን ሲ2 በእጄ ይዤ በቆምሁበት ቀን ግን ያ ፊርማዬ መጣብኝ። መጻፍ የነበረብኝ “አልተከፈተም” የሚል አንድ ቃል ነበር፤ እርሱን ለመጻፍ ድፍረት አጣሁ፤ አልከፈትሁትም ብሎ መጻፍ አላዋቂነቴን ስለሚገልጥ።

የቦረና ሕዝብ ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ ኤላዎች ለዘመናት ይዞ ኖሯል። በዱብሉቅ እንደምታዩት ሰዎች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን በእጅ ያቀባብላሉ። አባ ሄሬጋ የሚባለው ሰው የማጠጣቱን ተራ ያስከብራል። ኤላው በደለል ሲሞላ ጎሣው ይሰበሰባል፤ ከብት ይወጣል፤ ጉድጓዱ ይጠረጋል። ያ ኤላ እስከ ዛሬ ውሃ የሚሰጠው የማያቋርጥ ጠራጊ ስላለው ነው። በወርክሾፓችን የቆሙትን ማሽኖች ሳይ፣ ለእነርሱ አባ ሄሬጋ ማን ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ስለዚህ ለፋኩልቲያችን ሦስት ነገሮችን በትሕትና አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ማሽን “ሊጠገን የማይችል” ተብሎ ከመወገዱ በፊት ማን እንደከፈተውና ምን እንዳገኘ በፊርማ የተረጋገጠ ገጽ ከቃለ ጉባኤው ጋር ይያያዝ። ሁለተኛው፣ የማሽኖች ንድፈ ሐሳብ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ካምቢዮ ፈትቶ፣ ቆጥሮ፣ መልሶ ይግጠም፤ የኔን አሮጌ የሲ2 ዲስኮችና የደረቀውን ማገጃ ለዚህ ሥራ ለወርክሾፑ ሰጥቻለሁ። ሦስተኛው፣ ከጋራዥ የመጡትን እነዚህን ባለሙያዎች በእንግድነት ሳይሆን በመምህርነት እንጥራቸው፤ ለሰዓታቸውም እንደ መምህር ይከፈላቸው።

ኦቦ ዛሬ በመካከላችን አሉ፤ ኋለኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። በመግቢያው ላይ፣ “ዶክተር፣ ስለ ኳሷም ሊናገሩ ነው?” ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ተናግሬአለሁ። አሁን ለጥያቄዎቻችሁ ዝግጁ ነኝ፤ ከባዱን ጥያቄ ግን ለእርሳቸው እንድታቀርቡ እለምናለሁ።